ከራሷ ጣት የሚወሰድ ጠብታ

መካኒሳ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ በሚታጠፈው የኮብልስቶን መንገድ ላይ አንድ ክሊኒክ አለ። ምድር ላይ ካርድ ክፍሉና መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ደረጃው ሥር ያለችው ጠባብ ክፍል ላቦራቶሪ ናት። በሯ ላይ «ከሠራተኛ በስተቀር መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የሰፈሩ ሰው ግን ጽሑፉ ለሌላ ሰፈር ሰው የተጻፈ ይመስል አንዳንዱ አንኳኩቶ፣ አንዳንዱ ሳያንኳኳ ይገባል። ገብቶም «ትሩፋት የለችም?» ይላል። ትሩፋት ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሰች «አለች፤ ግን ሥራ ላይ ናት» ትለዋለች።

ትሩፋት ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳውን ያሳለፈችው የሰው ደም፣ ሽንትና አክታ ስታይ ነው። ይህን ሥራ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይሠራዋል፤ እሷ ግን ዝም ማለት አልሆነላትም። የውጤቱን ወረቀት ሰጥታ «ለዶክተሩ አሳየው» ብላ መሸኘት ስትችል፣ ታማሚውን አስቀምጣ ያየችውን ትተርክለታለች። ስለ ባክቴሪያ ስታወራ ስለ ጎረቤት የምታወራ ነው የሚመስለው። «ይሄኛው ክፉ አይደለም፣ ረባሽ ነው» ትላለች። «ያኛው ግን ዝምተኛ ነው። እኔ የምፈራው ዝምተኛውን ነው።»

አብራት የምትሠራው ኤሌኒ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነው። በዚህ ወሬ መሳቅ አይሰለቻትም።

«ትሩፌ፣ ቆይ አንቺ በስንተኛው ቀን ነው ክርስትና የምታነሻቸው?»

«በማግስቱ። ካደሩ በኋላ ነው መልካቸው የሚለየው።»

ከክሊኒኩ አጠገብ የሸምሱና የሐሚዳ ሱቅ አለ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ የሞባይል ካርድ፤ ሰው የሚፈልገው ሁሉ ይገኝበታል። ትሩፋት ከዚህ ቤት ጋር ያላት ነገር ከደንበኝነት ያለፈ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ሐሚዳ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ከሱቅ ብቅ ብላ የሰጠቻትን ሽንት መርምራ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» ያለቻት ትሩፋት ናት። ስለዚህ ሲና የምትባል ልጅ በዚህ ዓለም ላይ እንዳለች ከአባቷም ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት። ይህን ለሲና ብዙ ጊዜ ነግራታለች። ልጅቷም ታምናለች፤ ሰው ሲጠይቃት «እኔን መጀመሪያ ያየችኝ ትሩፌ ናት፣ በማይክሮስኮፕ» ትላለች።

ባለፈው ጥቅምት ሲና አተኮሳት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲሱ ገና ጫፉ ብቅ እያለ ነበር። ሽንቷን ስትሸና ታለቅሳለች። ዶክተሩ ሽንቷን አስመረመረ፣ ባክቴሪያውም በሳህን ላይ እንዲበቅል አዘዘ፣ መድኃኒት ጻፈ፤ በዚያ ላይ «ሲመቻችሁ ኩላሊቷን አልትራሳውንድ አሳዩልኝ» አለ።

ኩላሊት የሚለው ቃል ሐሚዳን አስደነገጣት። የሸምሱ ታናሽ እህት በኩላሊት ነው የሞተችው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ጊዜ ደሟን ሊያጥቡላት ሲመላለሱ ኖረው በመጨረሻ ቀበሯት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ይህ ቃል አይነሳም፤ ከሥጋ ቤት እንኳ ኩላሊት አይገዛም።

ሐሚዳ ላቦራቶሪው ገብታ በሩን ዘጋች።

«እትዬ ትሩፋት፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ኩላሊቷ ጋ ደርሷል?»

«ቁጭ በይ እስቲ መጀመሪያ።»

«ቁጭ አልልም። ይንገሩኝ።»

ትሩፋት ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ሰጠቻት፤ ሐሚዳም ሳታስበው ተቀመጠች።

«ሽንት ቀኑን ሙሉ የሚወርድ ጎርፍ ነው» አለች ትሩፋት። «ባክቴሪያው ምንም ካልያዘ ጠርጎት ይሄዳል። የታክሲ ረዳት አይተሽ የለ? ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ከሀይሌ ጋርመንት ሲነሳ፣ ግማሽ ገላው ውጭ ሆኖ በምንድን ነው የማይወድቀው?»

«የበሩን እጀታ ይዞ።»

«በቃ። ባክቴሪያውም እጀታ ይፈልጋል። የሰውነታችን ሕዋስ ቆዳው ስብ ነው። ከስቡ ላይ ስኳር ብቅ ብቅ ብሎ ቆሟል፤ እግሩ ስቡ ውስጥ ተተክሎ ራሱ ውጭ የቀረ ችካል በይው። ባክቴሪያው ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠኑ እጆች አሉት። በእነሱ ያንን ስኳር ጨብጦ ነው ጎርፉን የሚያሳልፈው።»

«ስኳር» አለች ሐሚዳ። «እኔ ስኳር ሸጬ የማድር ሰው፣ ልጄን ስኳር ያሳምማት?»

«ያንቺ ስኳር አይደለም። ይሄ የማይበላ ነው፤ አብሮን የሚፈጠር።»

«እሺ፣ ኩላሊቷስ?»

«እሱን ነው ልነግርሽ የምፈልገው። ሁሉም ባክቴሪያ አንድ ዓይነት እጅ የለውም። አንዳንዱ ከፊኛ በላይ መውጣት አይችልም። አንዳንዱ ግን የኩላሊትን ስኳር የሚያውቅ እጅ አለው፤ እየተንጠላጠለ ይወጣል። የትኛው እንደሆነ ነገ አይቼ እነግርሻለሁ።»

ይህን ምርመራ ዶክተሩ አላዘዘውም፤ ክሊኒኩ በሚሠራቸው ምርመራዎች ዝርዝር ውስጥም የለም። ትሩፋት የተማረችው ከሃያ ዓመት በፊት፣ ዶክተር ኢታና የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህር በኩላሊት ሕመም ላይ ጥናት ሲያካሂዱ ሦስት ዓመት አብራቸው በሠራችበት ጊዜ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ኩላሊት ላይ የሚገኘው ያ ስኳር በቀይ የደም ሕዋስም ላይ አለ፤ ስለዚህ ደም ኩላሊትን ተክቶ ይፈተናል። የበቀለው ባክቴሪያ በጨው ውሃ ይበጠበጣል፤ ስላይድ በሚባለው ስስ መስታወት ላይ ከታጠበ ደም ጋር ይገናኛል። ማኖስ የሚባል ሌላ ስኳርም ጠብ ይደረግበታል። ማኖሱ ማታለያ ነው። ፊኛ ላይ የሚቀሩት ባክቴሪያዎች እሱን ይጨብጡና ደሙን ይለቃሉ፤ ወደ ኩላሊት የሚወጡት ግን አይታለሉም። ስላይዱ ወዲያና ወዲህ ሲዘነበል ደሙ ለስላሳ እንደሆነ ከቀረ ደግ ነው። እንደ ተበላሸ ወተት ከተጓጎለ ግን ባክቴሪያው እጀታውን አግኝቷል ማለት ነው።

የዩኒቨርሲቲው ጥናት ሲያልቅ ዶክተር ኢታና የማነጻጸሪያ ባክቴሪያ፣ በእርግጠኝነት ደም የሚያጓጉል፣ በትንሽ ጠርሙስ ሰጥተው ሸኝተዋት ነበር። ክሊኒኩ በገባች በሁለተኛው ዓመት መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሲቀልጥ፣ ባክቴሪያው አንድ ምርመራ እንኳ ሳይሠራበት አብሮ ሞተ። ደሙንም ቢሆን በዩኒቨርሲቲው ከደም ባንክ ያመጡላቸው ነበር፤ እዚህ የሚያመጣላት የለም። ስለዚህ የቀለበት ጣቷን ትወጋለች። ኤሌኒ ስትገረም «የኔ ደም ከእኔ ጋር በታክሲ ይመጣል» ትላታለች። «አይዘገይ፣ አይጠፋ። ደግሞ ኦ ነኝ፤ ከማንም ጋር አልጣላም።» ውጤቱን ለማንም በጽሑፍ አትሰጥም። ለራሷ ሰማያዊ ሽፋን ባለው ደብተር ላይ ትጽፋለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ደብተሩ ላይ አርባ ሦስት ምርመራ ሰፍሯል፤ ከአርባ ሦስቱ ፊት ለፊት «አልተጓጎለም» ይላል። ይህ አንድ ቀን እንኳ አልቆረቆራትም። ኩላሊት የደረሰበት ሰው በቀጥታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይሄዳል፣ ወደኛ የሚመጣው ቀላሉ ነው ብላ ራሷን አሳምናለች።

የሲና አርባ አራተኛው ሆነ። ደሙ እንደ ሐር ለስልሶ ስላይዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ፈሰሰ።

«የሚወጣው ዓይነት አይደለም» አለቻት ሐሚዳን በማግስቱ። «መድኃኒቷን አስጨርሺያት።»

«አልሐምዱሊላህ። አልትራሳውንዱስ?»

ትሩፋት የሴትዮዋን ዐይን አየች። ያን ሁሉ ፍርሃት ይዛ የኩላሊት ምርመራ ክፍል ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ ታያት።

«አይቸኩልም» አለቻት።

ትሩፋት ጣቷን ስትወጋ ሁልጊዜ እናቷ ትዝ ትላታለች። ተማሪ ሳለች፣ ከትምህርት ቤት ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረመረችው ደም የእናቷን የገበያነሽን ነው። ገበያነሽ ጎፋ ውስጥ በቀበሌ ቤት የኖረች፣ ባሏ ቀለም ፋብሪካ የሚሠራ፣ ሳቂታ ሴት ነበረች፤ ከሳቋ በስተኋላ ግን ከትሩፋት በፊት የጠፉ ሰባት ጽንሶች ነበሩ። ሦስት ወር፣ አራት ወር ሲሞላቸው ይወርዳሉ። ሰፈሩ «ሾተላይ አለባት» አለ። እሷም ክታብ አሰረች፣ ጠበል ተመላለሰች፣ ነፍሰ ጡር ጓደኞቿ ዐይኗን እንዳይፈሩ ብላ ቤታቸው መሄድ አቆመች። በስምንተኛው ትሩፋት መጣች። ስሟም ከዚያ ነው፤ የተረፈችው ማለት ነው።

ትሩፋት ላቦራቶሪ የተማረችው ለዚህ ይሁን ለሌላ ራሷም እርግጠኛ አይደለችም። ብቻ አንድ ቀን መምህሩ፣ ሕዝቡ ሾተላይ የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ የእናትና የልጅ ደም አር ኤች በሚባለው ነገር አለመስማማት ነው ብሎ ሲያስረዳ፣ እርሳሷ ከእጇ ወደቀ። በዚያው ቅዳሜ መርፌና ስላይድ በመሐረብ ጠቅልላ ቤት ወሰደች።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አለቻት እናቷ ጣቷን እየሰጠቻት።

«ሾተላይሽን ልይዘው።»

ኦ ፖዘቲቭ ሆነ። ፖዘቲቭ የሆነች ሴት ያ ሾተላይ ሊኖርባት አይችልም። ትሩፋት ደገመችው፤ ያው ነው።

«እና ምንድን ነው?» አለች ገበያነሽ።

«አላውቅም፣ እማዬ።»

«አይ፣ ይሁን። አንቺ ብቻ ኑሪልኝ» ብላ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያንኑ መልስ ይዛ አረፈች።

ትሩፋትም አገባች፤ ሚሳኤል የሚባል ዝምተኛ አናጢ። ሦስት ጊዜ አረገዘች፤ ሦስቱም እንደ እናቷ፣ በሦስተኛው በአራተኛው ወር። የሷም ደም ኦ ፖዘቲቭ ነው። ሐኪሞቹ «ሾተላይ አይደለም» አሏት፤ ምን እንደሆነ ግን የነገራት የለም። ሚሳኤል ለመጀመሪያው የሠራትን አልጋ ፈትቶ መደርደሪያ አደረገላት። መጽሐፎቿ አሁንም እሱ ላይ ናቸው።

ኅዳር ገባ። ሲና ድና ትምህርት ቤት ተመልሳለች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሸምሱ ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ይዞ ክሊኒኩ ገባ፤ ሐሚዳ ጫማዋን አቀያይራ አድርጋ ከኋላው። ሲና ሌሊቱን ስታስመልስ አድራለች። ትኩሳቷ አርባ ደርሷል። ዶክተሩ ከላይ ወርዶ እዚያው ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቀኝ ጎኗን በጣቱ ነካ ሲያደርጋት ጮኸች።

«አልትራሳውንዱስ?» አለ።

ሐሚዳ ወደ ላቦራቶሪው በር አየች፤ ትሩፋት በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ዶክተሩ መርፌ አስጀምሮ ሽንቱ በድጋሚ እንዲበቅል አዘዘ። በማግስቱ ጠዋት ያው ባክቴሪያ፣ ያው መልክ፣ ሳህኑን ሞልቶ ተገኘ። ትሩፋት ስላይድ አወጣች፣ ደብተሯን ገለጠች። መውጊያውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ዛሬ አንቺ ይቅርብሽ» አለች ኤሌኒ። «ከእኔ ውሰጂ።»

«ያንቺ ምንድን ነው?»

«ኦ ነኝ እኮ። እንደ አንቺ ከማንም የማልጣላ።»

የኤሌኒ ደም ባክቴሪያው በነካው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ተጓጎለ። መጀመሪያ እንደ አሸዋ ነበር፣ ከዚያ እንደ ምስር። ትሩፋት አዲስ ስላይድ አመጣች። የራሷን ጣት ወጋች። ያው ባክቴሪያ፣ ያው ማኖስ፣ ያው ጨው ውሃ። ደሟ እንደ ሐር ለሰለሰ።

ሁለቱን ስላይድ ጎን ለጎን አስቀምጣ ቁልቁል አየቻቸው። ከዚያ ደብተሩን አነሳች፤ አርባ አራቱን «አልተጓጎለም» ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችባቸው። አንዱም ስለ ባክቴሪያው የተጻፈ አልነበረም። ሁሉም ስለ እሷ የተጻፈ ነው።

«ትሩፌ» አለች ኤሌኒ በቀስታ። «ያንቺ ደም ያ ስኳር የለውም።»

«እሱን በኋላ» አለች ትሩፋት። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጥታ ለዶክተሩ ነገረችው። ከሰዓት በፊት ሲና ወደ ሆስፒታል ተላከች።

ትሩፋት ፈቃድ ጠይቃ አብራ ሄደች። በታክሲው ውስጥ የልጅቷ ራስ እሷ ጭን ላይ ነበር፤ እግሯ ሐሚዳ ጭን ላይ። አልትራሳውንዱ የቀኝ ኩላሊቷ ማበጡን አሳየ። ጠባሳ ይተው አይተው አሁን ማወቅ አይቻልም አሉ፤ መርፌውን ትውሰድ፣ ከስድስት ወር በኋላ እናያለን።

ኮሪደሩ ላይ፣ ልጅቷ አልጋ ይዛ ሸምሱ አጠገቧ ሲቀመጥ፣ ትሩፋት ሐሚዳን ወደ መስኮቱ ጠራቻት።

«ያኔ አይቸኩልም ያልኩሽ ተሳስቼ ነው» አለቻት። «ምርመራውን በራሴ ደም ነበር የሠራሁት። የኔ ደም ለዚያ የማይሆን ደም ሆኖ ተገኘ። ባክቴሪያው የሚወጣው ዓይነት ነበር። ዶክተሩ ባለሽ ጊዜ ብትሄጂ ኖሮ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ።»

ሐሚዳ በመስኮቱ የቆሙትን መኪናዎች አየች።

«እትዬ፣ እኔ ዶክተሩን አይደለም የሰማሁት» አለች። «እርስዎን ነው የሰማሁት።»

ወደ ልጇ ተመለሰች።

ሐሚዳ ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ ላቦራቶሪው ደጃፍ አልደረሰችም። ትሩፋት ሳሙና ልትገዛ ስትገባ ሸምሱ ይሸጥላታል፤ «ሲና ደህና ናት፣ መርፌውን ጨርሳለች» ይላታል። ሐሚዳ ከመደርደሪያው ኋላ ዕቃ ስትደረድር ትቆያለች። አልጮኸችባትም፣ ሰው ፊትም አላነሳችውም። ያ ደግሞ ለትሩፋት የባሰ ነበር።

በዚህ መካከል አንድ እሑድ ዶክተር ኢታናን ልትጠይቅ ጎፋ ሄደች። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሰገነት ላይ በቆርቆሮ ጎመንና ጤና አዳም ያበቅላሉ፤ ውሃ በሻይ ማንኪያ የሚያጠጡ ይመስል ቀስ ብለው ነው የሚያጠጡት።

የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ጆሯቸውን ወደሷ አዙረው ሰሙ።

«ሴረምሽን ከኤሌኒ ደም ጋር አገናኘሽው?»

«ራሷ አገናኘችው። የደሜ ውሃ እንደነካው ደሟ ወዲያው ተጓጎለ። ሁለታችንም ኦ ፖዘቲቭ ነን፣ ዶክተር።»

«አንቺ ልጅ» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ፣ «ያ ሁሉ ዓመት ራስሽን እንደ ማንኛውም ሰው ስትቆጥሪ ኖርሽ ማለት ነው። ካንቺ ዓይነት ሰው ጋር ለመገናኘት እኔ ስንት መቶ ሺህ ሰው ብመረምርም ላላገኝ እችል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር።»

ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«እናትሽ ስንት ወለዱ?»

«እኔን ብቻ።»

«ከአንቺ በፊትስ?»

«ሰባት ወርዶባታል። እኔም ሦስት።»

ሽማግሌው ማጠጫውን አስቀመጡ። ቃል ሲመርጡ ታያቸዋለች፤ እንደ ተማሪያቸው ሳይሆን እንደ ልጃቸው ሊነግሯት እየሞከሩ።

«ያ ስኳር የሌለው ሰው ደም፣ ስኳሩን ሲያይ ባዕድ ነው ብሎ ይነሳበታል። ያየሽው ነው፤ በኤሌኒ ደም ላይ ተነስቷል። እንግዴ ልጅ ደግሞ በዚህ ስኳር የተሞላ ነው። ጽንሱ ስኳሩን ከአባቱ ከወረሰ፣ የእናትየው ደም ገና በጧቱ…»

«ካልወረሰስ?»

«ካልወረሰ የሚነካው የለም። እንደ እናቱ ስለሆነ ያልፋል፤ ይወለዳል።»

ከታች የሚጫወቱ ልጆች ድምፅ ይሰማል። አንዱ ኳሱ አጥር ዘሎበት ይነጫነጫል።

«እኔ» አለች ትሩፋት።

«ገና ግምት ነው» አሉ። «ደም ባንክ ያሉ ልጆቼን እነግራቸዋለሁ፤ ናሙናሽ ወደ ውጭ ተልኮ ይረጋገጥ። ግን እናትሽም እንዳንቺ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሾተላይ ያሏቸው ሰዎች ብዙም አልተሳሳቱም። መምህሮችሽ ናቸው የሾተላይ ዓይነቱ አንድ ብቻ የመሰላቸው። እኔንም ጨምረሽ ቁጠሪ።»

ማታ ለሚሳኤል ነገረችው። እንጨት እያለሰለሰ ነበር፤ የአሸዋ ወረቀቱን አስቀምጦ ሰማት። ስትጨርስ የጠየቃት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እንግዲያው የሠራነው ጥፋት የለም?»

«የለም።»

«አንቺ ደረጃ ስለወጣሽም አይደለም? ያን ጊዜ ውሃ የተሸከምሽውም?»

«አይደለም፣ ሚሳዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። ያን ውሃ ሄዶ ማምጣት የነበረበት እሱ እንደነበር፣ ለሃያ ስድስት ዓመት በውስጡ ሲያመላልሰው እንደኖረ ያወቀችው ያን ማታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ላቦራቶሪው ውስጥ አንድ ነገር ተለወጠ። ትሩፋት ከራሷ ጣት መውሰድ አቆመች። ሰማያዊው ደብተር ላይ፣ ከአርባ አራቱ በታች፣ ቀይ መስመር አሰመረችና «ከላይ ያለው ሁሉ አይሠራም» ብላ ጻፈች። ስማቸው የተመዘገበላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየደወለች «እንዴት ሆንሽ፣ ትኩሳቱ ተመልሶ ያውቃል?» ብላ ጠየቀች። ብዙዎቹ ድነዋል፤ ሁለቱን ለዶክተሩ መልሳ አስመረመረች። ኤሌኒ ደግሞ የሲናን ባክቴሪያ በትንሽ ብልቃጥ አሳድራ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠችው። ያ የሞተው የማነጻጸሪያ ባክቴሪያ ተተካ። ብልቃጡ ላይ «ሲና» ተብሎ ተጽፏል።

ግንቦት ላይ፣ ስድስት ወሩ ሲሞላ፣ ሐሚዳ ልጇን ይዛ ብቻዋን ሆስፒታል ሄደች። ትሩፋት የቀጠሮውን ቀን ታውቀዋለች። ያን ቀን አንድ ስላይድ ሦስት ጊዜ አይታ ሦስት ጊዜ ምን እንዳየች ረሳች። ስምንት ሰዓት ገደማ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ።

መጀመሪያ ሲና ገባች። ጥርሷ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ አፏ የማይበቃው ይመስላል። ከኋላዋ ሐሚዳ ትልቁን ቡናማ ፖስታ ይዛ።

«እርስዎ ይዩልኝ» አለች ፖስታውን ዘርግታ። «እነሱ ነግረውኛል። እርስዎ ይዩልኝና ይንገሩኝ።»

ትሩፋት ወረቀቱን አወጣች። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ መነጽሯ ጉም ለበሰባት።

«ሁለቱም ኩላሊቷ ልክ ነው። ጠባሳ የለም።»

«እንደሱ ነው ያሉኝ» አለች ሐሚዳ። ከዚያ ሳትጋበዝ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጠረጴዛውን፣ ስላይዶቹን፣ የመውጊያዎቹን ሳጥን አየች። «ኤሌኒ ሱቅ መጥታ ነግራኛለች። ከራስዎ አይወስዱም አሉ አሁን።»

«አይሠራም እኮ የኔ።»

«ከማን ነው የሚወስዱት?»

«ከኤሌኒ። ዛሬ ግን ዕረፍት ናት፤ የአንድ ትንሽ ልጅ ምርመራ ይጠብቀኛል።»

ሐሚዳ የግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ከእኔ ይውሰዱ።»

ትሩፋት አላንገራገረችም። መጀመሪያ የደም ዓይነቷን አየች፤ ኦ ነው። ደሙን በጨው ውሃ አጥባ ከማቀዝቀዣው ብልቃጡን አወጣች። የታወቀው ነገር መጀመሪያ መሞከር አለበት። ስላይዱን ስታዘነብለው የሐሚዳ ደም በልጇ ባክቴሪያ ላይ ፍርፍር አለ።

ሲና በእግር ጣቷ ጫፍ ቆማ አየች።

«ይሄ ነው የኔ? እኔን የያዘኝ?»

«ይሄው ነው። እይ እንዴት እንደጨበጠ።»

«አሁን ደግሞ እማዬን ያዛት።»

«እማዬን አልያዛትም፤ ስላይድ ላይ ነው ያለው» አለች ሐሚዳ፤ ቢሆንም እጇን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። ከስድስት ወር ወዲህ ትሩፋት ፊት ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሲና አልጨረሰችም። «ያንቺንስ፣ ትሩፌ?»

ትሩፋት መውጊያ አነሳች። የቀለበት ጣቷ ጫፍ ከዓመታት መወጋት የተነሳ እንደ ልብስ ሰፊ ጣት ደድሯል። ጠብታውን አጥባ ከሐሚዳ ጠብታ አጠገብ አኖረችው፣ ያንኑ ባክቴሪያ ጨመረችበት፣ ስላይዱን ለልጅቷ ሰጠቻት። ሲና ምላሷን በአዲሱ ጥርሷ ነክሳ ወዲያና ወዲህ አዘነበለችው። ቀዩ ጠብታ ለስልሶ ፈሰሰ፤ ተመለሰ፤ ፈሰሰ።

«ያንቺን ለምን አልያዘውም?»

«የሚይዘው ነገር የለኝም።»

«የት ሄዶ?»

«ከመጀመሪያውም አልነበረኝም። እናቴም የላትም ነበር» አለች ትሩፋት። «ለዚያ ነው የተወለድኩት።»

ሐሚዳ ቀና ብላ አየቻት። የትሩፋትን ጣት ይዛ፣ ገና የምትደማዋን ነጥብ በጥጥ ጫን አደረገችላት፤ ደሙ ከቆመም በኋላ አልለቀቀቻትም። ሲና ስላይዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አንድ ጊዜ እንደገና አዘነበለችው፤ ምናልባት በዚህኛው ይይዝ እንደሆነ።